ዝቅ ያሉት መደርደሪያዎች

የጨረር ክፍሉ ባለሙያ ድምፁ ለስለስ ያለ ቀጭን ወጣት ነው። "እትዬ፣ በጀርባዎ ይተኙና ሁለቱንም እጅዎን ከራስዎ በላይ አድርገው እነዚህን መያዣዎች ይጨብጡልኝ" አላት። ፀጉር ሠሪዋ ጠንካራው ሰሌዳ ላይ ተንጋለለች። ግራ እጇ ምንም ሳያስቸግር ሄዶ መያዣውን ጨበጠ። ቀኝ እጇ ግን ወደ ትከሻዋ ከፍታ ሲቃረብ ቆመ።

"ትንሽ ብቻ" አላት።

"ይኸው ነው። ከዚህ አያልፍም።"

ወጣቱ አልተቆጣም፤ እጇንም አልጎተተም። ሰሌዳው የሚገባበትን ትልቅ ክብ ቀዳዳ አሳያትና ነገሩን አስረዳት። ዛሬ የሚደረገው ጨረሩ የት የት እንደሚያርፍ መለካት ብቻ ነው። ነገር ግን ክንዷ እንዲህ ወደ ጎን ከቀረ፣ ሰሌዳው ወደ ውስጥ ሲንሸራተት ክርኗ ከቀዳዳው ጠርዝ ጋር ይጋጫል። ቢያልፍ እንኳ ጨረሩ የሚመጣው በጎን በኩል ስለሆነ ክንዷ መንገዱ ላይ ይጋረጣል። "ዛሬ አይሆንልንም፤ ይነሡ" አላት።

ሐኪሟ ኮሪደር ላይ አገኛት። "ጨረሩን ብዙ ማዘግየት አልፈልግም" አላት። "ፊዚዮቴራፒ ክፍል ይሂዱና ያንን እጅ ያንሡልኝ። በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ እንደገና እንሞክራለን።"

"ካልተነሣስ?"

"ይነሣል" አላት። ፈጥኖ መለሰ፤ ሲመልስም ፊቷን አላየም። እሷ ይህን ልብ አለች። የፈራ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠውም።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው፦ እጁ ካልተነሣ ጨረሩ የለም። ጨረሩ ከሌለ ደግሞ የቀዶ ሐኪሙ ቢላዋ ያልደረሰበት የበሽታው ርዝራዥ ካለ እዚያው ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ልታስበው አልፈለገችም። እጁ ያልተነሣበትን እውነተኛ ምክንያት ደግሞ በዓለም ላይ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

ይህች ሴት ኑሮዋን ሙሉ እጇን አንሥታ የኖረች ናት። ፀጉር ሠሪ ሲደክማት ሰው የሚጠይቃት ስለ እግሯ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስለምትቆም። ዋናው ሸክም ያለው ግን ትከሻ ላይ ነው። ቆማ የምትሠራ ሴት፣ ደንበኛዋ ከፍ ባለ ወንበር ላይ ከተቀመጠች፣ ክርኗን ከጡቷ በላይ አንሥታ ነው የምትውለው። ፀጉር በቢጉዲን ስትጠቀልል፣ ስትተኩስ፣ የፀጉር ማድረቂያውን ካስክ ስታወርድና ስታነሣ፣ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው። እጁ ለሥራው ክብደት ያነሣል አይባልም፤ ራሱን ማንሣቱ ግን ሥራ ነው። ማንም ሰው ባዶ እጁን ዘርግቶ ትንሽ ቢቆይ ይገባዋል።

ቀኝ ጡቷ በካንሰር ምክንያት ሲወጣ፣ ከብብቷም ንፍፊቶች አብረው ወጡ። ንፍፊት ማለት ብብት፣ አንገትና ብሽሽት ውስጥ የተቀመጠ ባቄላ የሚያህል ነገር ነው፤ ሰውነት ውስጥ የሚዘዋወረውን ፈሳሽ ያጠራል። በሽታው ከጡት ከወጣ መጀመሪያ ጎራ የሚለው እዚያ ስለሆነ ነው የሚያወጡት። በማግሥቱ አንዲት ነርስ መጥታ ቀላል ቀላል እንቅስቃሴ አሳየቻት። ትከሻን ማሽከርከር፣ በጣት ግድግዳ መውጣት፣ ፀጉር ማበጠር።

"ፀጉር ማበጠር ልታስተምሪኝ ነው?" አለቻት።

ነርሷ ሳቀች፤ እሷም ስፌቱን በእጇ ይዛ ሳቀች። ያን ጊዜ ገና አልፈራችም ነበር። ቤቷ ገብታም የታዘዘችውን ሳታጓድል ሠራች። ክንዷ በየቀኑ እየወጣ ጆሮዋ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም ነበር።

ከዚያ አንድ ማለዳ ገላዋን ታጥባ መስታወት ፊት እጇን ስታነሣ፣ ብብቷ ውስጥ አንድ ነገር ተወጠረ። ቀና ብላ አየች። ከብብቷ ተነሥቶ በክንዷ የውስጥ ጎን ወደ ክርኗ የሚወርድ ገመድ ከቆዳዋ በታች ቆሟል። እንደ ክራር ጅማት የተገተረ። እጇን አወረደች፤ ጠፋ። አነሣች፤ ተመልሶ ቆመ። በጣቷ ነካችው፤ ሕመሙ እስከ አውራ ጣቷ ሄደ።

በሽታው ሥር አውጥቷል፤ ያሰበችው ይህን ነው። እነሱ ፍሬውን ቆረጡ፣ ሥሩ በክንዷ እየወረደ ነው። ጣቷ ጋ ሲደርስ ምን እንደሚሆን አላወቀችም፤ ግን ይደርሳል ብላ አመነች። ልብሷን ለብሳ ወጣችና ለማንም አልተናገረችም። ለሐኪም ብትናገር እንደገና ይቀድዷታል። ለባሏ ብትናገር ፊቱን ማየት አለባት። እጇን ካላነሣች ግን ገመዱ የለም። ስለዚህ አላነሣችውም።

አሁን ባልየውን እናምጣው። አናጺ ነው፤ እርሳስ ከጆሮው አይጠፋም፤ ወሬ አያበዛም። ሚስቱ የሻይ ብርጭቆ ከመደርደሪያው ለማውረድ በግራ እጇ ስትንጠራራ አየና ምንም ሳይናገር መሣሪያውን አመጣ። መደርደሪያውን ፈትቶ ከትከሻዋ ጥቂት ዝቅ አድርጎ ሰቀለው። ውሃ ልኩን አስቀምጦ የአየር አረፋዋ መሐል ላይ መቆሟን ሳያይ ብሎኑን አላጠበቀም። በማግሥቱ የልብስ ማንጠልጠያው ወረደ። ቀጥሎ የልብስ ማስጫው ገመድ፣ ቀጥሎ የመብራት ማብሪያው። የሚወድ ሰው በሚያውቀው ነው የሚወድ፤ ይህ ሰው ደግሞ የሚያውቀው ብሎን ነው። ቤቱ ቀስ እያለ ወደ መሬት ወረደ።

ታላቅ እህቷ መጥታ አየችና ደስ አላት። "አበጀህ" አለችው። "አንቺም ዐርፈሽ ተቀመጪ። ስፌቱ ቢተረተር ማን ሊሰፋሽ ነው?"

"ስፌቱማ ድሮ ደርቋል።"

"ከላይ ነዋ የደረቀው። ውስጡን ማን አየው?"

እህቷ ሳታውቀው ፀጉር ሠሪዋ የፈራችውን ቦታ ነካችባት።

ሱቋም አብሮ ወረደ። ባልየው ለደንበኞች አጭር በርጩማ ሠራ፤ መስታወቱንም አውርዶ በዚያው ልክ ሰቀለው። ጡረታ የወጣች ረጅም አስተማሪ ደንበኛ አለቻት፤ እዚያ በርጩማ ላይ ስትቀመጥ ጉልበቷ አገጯን ሊነካ ምንም አይቀረውም።

"በዚህ ዕድሜዬ መዋዕለ ሕፃናት መለሳችሁኝ" አለች።

"አትንቀሳቀሺ። ከተንቀሳቀስሽ ጆሮሽን ነው የምጠቀልለው።"

"ጠቅልዪው፤ የሰፈር ወሬ ከመስማት እገላገላለሁ።"

ሁለቱም ሳቁ። ሥራውም እንዳማረበት ነበር። ክንዷ ግን አንዴም ከትከሻዋ በላይ ሳይወጣ ይመሻል።

ሐኪሙ የላካት የፊዚዮቴራፒ ክፍል ሰፊ መስኮት አለው። ግድግዳው ላይ የእንጨት መሰላል ተገትሯል፤ በሩ ላይ ገመድና መዘውር ተንጠልጥሏል፤ ጥግ ላይ ኮፍያ የደፋ አጽም ቆሟል። ባለሙያዋ ወጣት፣ አጭር፣ ጉንጨ ሙሉ ሴት ናት። ሕመምተኞቹ በሌለችበት "አንዲት ብቻ" ይሏታል፤ እንቅስቃሴው አለቀ ሲባል "አንዲት ብቻ ይጨምሩልኝ" ስለምትል።

መጀመሪያ ለካች። መለኪያው ሁለት ክንፍ ያለው ማስመሪያ ነው፤ አንዱ ክንፍ ከወገብ ጋር ይቆማል፣ ሌላው ክንዱን ተከትሎ ይሄዳል። የሰው ክንድ ሙሉ ሲነሣ ከታች እስከ ላይ ግማሽ ክብ ይሠራል። የፀጉር ሠሪዋ ክንድ የዚያን ግማሽ እንኳ አልሞላም።

"ይኸውልዎት" አለችና ወደ አጽሙ ወሰደቻት። ትከሻ ከሰውነት መጋጠሚያዎች ሁሉ አስደናቂው ነው። ዳሌ ጥልቅ ጽዋ ውስጥ የገባ ኳስ ነው፤ ይጸናል፣ ግን ብዙ አይዞርም። ትከሻ ላይ ያለው ኳስ ግን ትንሽ ሳህን ላይ ነው የተቀመጠው። ሳህኗ ስለማትይዘው ነው በየአቅጣጫው የሚዞረው። እንዳይወድቅ የሚይዙት ጡንቻዎቹና ዙሪያውን የሸፈነው ስስ ከረጢት ናቸው። ክንድ ወደ ላይ ሲሄድ ደግሞ ብቻውን አይሄድም፤ ጀርባ ላይ ያለው ጠፍጣፋ አጥንትም በጎድን አጥንቶች ላይ እየተንሸራተተ ያግዘዋል። ባለሙያዋ የአጽሙን ክንድ ስታነሣ ጠፍጣፋው አጥንት በሽቦው ላይ ዞር አለ። ፀጉር ሠሪዋ ፍርሃቷን ለአፍታ ረስታ፣ "የኔም እንዲህ ይሄዳል?" አለች።

"ከተንቀሳቀሰ። ካልተንቀሳቀሰ ከረጢቱ ታጥቦ እንደተኮማተረ ሹራብ ይሆናል።"

አስተኛቻትና ክንዷን በሁለት እጇ ደግፋ ማንሣት ጀመረች። ፀጉር ሠሪዋ ጥርሷን ነከሰች።

"ገና ሳልደርስ ነው ፊትዎ የተለወጠው። ያማል ወይስ ያስፈራል?"

"ያማል።"

ባለሙያዋ ነገሩን ወደ ሌላ አዞረችው። "ቤት ውስጥ ከፍ ያለ ዕቃ ሲፈልጉ በየትኛው እጅ ነው የሚያወርዱት?"

"ከፍ ያለ ዕቃ የለንም" አለችና የባሏን ሥራ በኩራት ዘረዘረችላት። ባለሙያዋ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ሳቋን ዋጠችው።

"ባልዎ እጃቸው ይባረክ፤ ጎበዝ አናጺ ናቸው። ግን እትዬ፣ ትከሻዎ የሚማረው ከኔ ጋር በሚያሳልፈው ጊዜ አይደለም፤ ቤትዎ በሚውልበት ጊዜ ነው። ቤትዎ ተንበርክኮልዎታል። ያስነሡት።"

ባልየው ይህን ሲሰማ ከፋው። "እኔ ነኝ የጎዳሁሽ ማለት ነው?" አለ። መልስ አልጠበቀም። የወጥ ቤቱን መደርደሪያ ፈትቶ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጎ ሰቀለው፤ ግድግዳው ላይም በእርሳስ ቀጣዩን ምልክት አሰመረ። አስቦበት ነው፤ በየጊዜው ሁለት ሁለት ጣት፣ እጇ ተከትሎ እንዲወጣ። ብርጭቆዎቹን አዲሱ ቦታ ላይ ደረደረና "በቀኝሽ ብቻ አውርጂ" ብሏት ሥራው ሄደ።

ሲመለስ ሚስቱ በሾርባ ማንኪያ ውሃ እየጠጣች አገኛት።

"ብርጭቆ የለም?"

"ጠማኝ፤ ያገኘሁትን አነሣሁ።"

"አንቺ ሴት፣ እልኽ ነው?"

"እልኽ አይደለም።"

"ታዲያ ያቺ ልጅ አንሺው ትልሻለች፣ ሐኪሙ አንሺው ይልሻል፣ እኔ መደርደሪያ ስፈታ ስሰቅል እውላለሁ፣ አንቺ በማንኪያ ትጠጫለሽ። ምንድን ነው?"

ማንኪያውን አስቀመጠች። "ካነሣሁት ይታያል" አለች።

"ምኑ?"

ወደ መስኮቱ ሄደችና የሸሚዟን ቁልፍ ፈታች። ክንዷን የሚሄድላትን ያህል አነሣች። ባልየው መነጽሩን አድርጎ ቀረበ። በአውራ ጣቱ፣ የእንጨት ጉድፍ እንደሚፈልግ ሁሉ፣ ከክርኗ ወደ ብብቷ ቀስ ብሎ ሄደና መሐል ላይ ጣቱ ቆመ። እርሳሱን ከጆሮው አወረደ፤ ምን ሊያደርግበት እንደሆነ ግን አላወቀም። ያንን ፊቱን ነበር ላለማየት ዝም ያለችው። አሁን አየችው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"የመጀመሪያውን መደርደሪያ ሳታወርድ በፊት።"

ተቀመጠ። "እኔ ደግሞ..." አለና ተወው።

ሲነጋ አብረው ሄዱ። ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተራ ጠበቁ። አንድ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች። የምትሰማው ቃል ምን እንደሚሆን አስቀድማ ለራሷ ብዙ ጊዜ ተናግራዋለች፤ ሲነገራት እንዳታለቅስ ትለማመደው ነበር። ባልየው እግሩን ያወዛውዛል። "ተው" አለችው። ተወና ትንሽ ቆይቶ ቀጠለ።

ባለሙያዋ ክንዷን ዘርግታ በጣቶቿ ጫፍ ዳሰሰች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። "አንድ... ሁለት... ሦስተኛም አለች፣ ቀጭን።"

"ሦስት ነው?" አለች ፀጉር ሠሪዋ። እሷ ያየችው አንድ ብቻ ነበር።

ባለሙያዋ ቀና አለች። "እትዬ፣ ሲደብቁኝ የከረሙት ይሄንን ነው?"

ፀጉር ሠሪዋ ሸሚዟን ወደ ክንዷ ሳበች።

"ይሄ በሽታው አይደለም። የበሽታው ሥርም አይደለም። ብብት ሲከፈት ብዙ ሰው ላይ የሚመጣ ነገር ነው።" ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። "ወደ ንፍፊቶቹ ፈሳሽ የሚያመጡ ቧንቧዎች አሉ፤ ውፍረታቸው ከፀጉር ብዙ አይበልጥም። ንፍፊቶቹ ወጡ። ቧንቧዎቹ መድረሻ አጡ። ፈሳሹ ውስጣቸው ረጋ፤ እነሱም ደርቀው አጠሩ። ያጠረ ገመድ እጅዎን ሲያነሡ ይገተራል፤ ሲያወርዱ ይላላል። ለዚህ ነው የሚጠፋው።"

ሐኪሞችም ስለ ገመዱ ሁሉን አያውቁም፤ ለምን አንዷ ላይ እንደሚመጣ፣ ሌላዋን ለምን እንደሚምር ገና እየተጠና ነው። የሚታወቀው ግን ይህ ነው፦ ክንድን ይይዛል፣ ያማል፣ ሲንቀሳቀስና ሲታሽ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እየላላ ይሄዳል። ከሁሉ የሚያጸናው ፈርቶ እጅን ማጠፍ ነው። ፀጉር ሠሪዋ ሞቷን ያየችበትን ነገር ስትመግበው የከረመችው ራሷ ነበረች።

"እርግጠኛ ነሽ?" አለ ባልየው።

"እኔ እጄ የሚያውቀውን ነገርኩዎት። ቀዶ ሐኪሙም በእጁ ይየው፤ ዛሬውኑ።"

ቀዶ ሐኪሙ ብብቷን፣ ከአንገቷ በታች ያለውን ጉድጓድ፣ የጠባሳውን ዙሪያ ተጭኖ አየና ያንኑ ደገመላት። ባልየው ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደገፈ። እሷ ግን አላለቀሰችም፣ አልሳቀችምም። ይህን ያህል የኖረ ፍርሃት በአንድ ቃል ተነሥቶ አይወጣም። ቤቷ ገብታ መስታወት ፊት ቆመችና ገመዱን እንደገና አየችው። ያው ነበር። "ቧንቧ ነው" አለች ጮክ ብላ። ልቧ አላመናትም።

ሕክምናው ያለመቸኮል ሥራ ነው። ባለሙያዋ ክንዷን ትንሽ ታነሣለች፣ በአንድ እጇ ቆዳውን ከብብት አጠገብ ትይዛለች፣ በሌላው ወደ ክርን ቀስ አድርጋ ትስባለች፤ ትቆያለች፤ ትለቃለች። ከዚያ መሰላሉ አለ፤ ጣት በጣት እየወጡ። "አንዲት ብቻ ይጨምሩልኝ።" ቤት ውስጥም መደርደሪያው ሁለት ሁለት ጣት እየወጣ ነው። እህቷ ስትመጣ ግድግዳው ላይ የተሰመረውን የእርሳስ መስመር አይታ፣ "ልጅ ነው እንዴ የምታሳድጉት?" አለች። ስለ ስፌቱ ግን ዳግመኛ አላነሣችም።

አንድ ቀን ባለሙያዋ ቆዳውን ስባ እንደያዘች፣ ብብቷ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ። ክር በጥርስ ሲበጠስ እንደሚሰማው። ውስጤ ተበጠሰ፣ አሁን ደሙ ይፈሳል፣ እህቴ እውነቷን ነው፣ አለች ፀጉር ሠሪዋ በልቧ። ባለሙያዋን ስታያት ባለሙያዋ ትስቃለች።

"ወይኔ፣ ሳልነግርዎት። ጥፋቱ የኔ ነው። አንዳንዴ እንዲህ ድምፅ ሰጥቶ ይለቃል፤ ምንም አይደለም። ያንሡት እስቲ።"

"አልችልም።"

"ያንሡት።"

አነሣች። ክንዷ የዘወትር መቆሚያውን አልፎ ሄደ። መዳፏን በአየር ላይ አየችው፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ነበር። ከዚያ ቀስ ብላ አወረደችውና ውሃ ለመነች።

የወሩ መጀመሪያ ሲደርስ ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር። የሱቁ መስታወት ብቻ ገና አልወጣም። ባልየው "ተመልሰን ስንመጣ" አለ። እሷ "ስንመጣ" የሚለውን ቃል ይዛ ሄደች።

ያው ወጣት፣ ያው ጠንካራ ሰሌዳ፣ ያው ክብ ቀዳዳ። ተንጋለለች። ግራ እጇ መያዣውን ጨበጠ። ቀኝ እጇ ትከሻዋን አለፈ፣ ጆሮዋን አለፈ፣ ከመያዣው አንድ ጣት ሲቀረው ቆመ።

ብብቷ ውስጥ የቀረችው ቀጭኗ ገመድ ተገተረች። ዐይኗን ጨፈነችና ሰሌዳው ግድግዳ እንደሆነ አሰበች። ጣቶቿ መራመድ ጀመሩ፤ ሌባ ጣት፣ መሐል ጣት፣ እንደገና ሌባ ጣት። አንዲት ብቻ። ቀዝቃዛ ብረት ነካት። ጨበጠችው።

"ይመችዎታል?" አላት።

"አይመችም። ግን ደርሷል።"

ወጣቱ ቆዳዋ ላይ ምልክት አደረገ፤ አቅጣጫውን አስተካከለና ወጣ። ከባዱ በር ተዘጋ። ሰሌዳው መንሸራተት ሲጀምር ክርኗ ጠርዙን ሳይነካ አለፈ፤ ማሽኑ ከላይዋ መዞር ጀመረ፤ ብቻዋን ነበረች፤ ፈራች። ከዚህ በኋላ ስለሚመጣው ነገር ማንም ቃል አልገባላትም። ግድግዳው ላይ ካለው ድምፅ ማጉያ የወጣቱ ድምፅ መጣ።

"አይንቀሳቀሱ፣ እሺ?"

ዕድሜዋን ሙሉ ለሌሎች ስትለው የኖረችው ቃል ነው። አልተንቀሳቀሰችም። ጣቶቿ ማበጠሪያ እንደሚይዙት አድርገው ብረቱን ይዘውታል።